የጋራው ፓተንት እስኪጸድቅ ተሸፍና ስለቆየችው ጠረጴዛ

ለብዙ አገሮች አንድ የጋራ ፓተንት ለማቋቋም ለተሰየመው ኮሚቴ፣
ለክቡር ሰብሳቢውና ለክቡራን አባላቱ፣
በምትሰበሰቡበት አዳራሽ ሁሉ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እጠይቃለሁ። ጤናም ዕድሜም አብዝቶ ይስጣችሁ፤ በተለይ ዕድሜውን፣ የያዛችሁት ሥራ ብዙ ዕድሜ የሚፈልግ ነውና።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ጨርቅ ተጠቅልሎ በሚመጣበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ ዜናን ከመሃል ጀምሬ ዳር ሳልደርስ መተው ልማዴ ነበር። የእናንተን ስብሰባ ወሬም ለዓመታት የተከታተልኩት በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ መጨረሻ ያጣሁለት ወረቀቱ ተቀዶ መስሎኝ ወረቀቱን ስወቅስ ኖርኩ። በቅርቡ ግን ሙሉ ጋዜጣ ገዝቼ አነበብኩ፤ መጨረሻ የለውም። የተቀደደውን ወረቀት በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጉዳዬ ይህ ነው። መቀስ አያያዝ ያስተማረችኝ ታላቅ እህቴ ታማ ስትነሣ ግራ እጇ አልታዘዝ አላት። በአንድ እጅ መቀስ መያዝ ይቻላል፤ ጨርቁን የሚይዝ ግን ሌላ እጅ ያስፈልጋል። ግድግዳ ስታይ መዋሏ አላስችል ቢለኝ፣ ከወዳደቀ እንጨትና ላስቲክ በመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ነገር ሠራሁላት። በእግሯ ስትረግጠው ጨርቁን አጥብቆ ይይዝላታል፣ ስትለቀው ይለቃል። እህቴ የመጀመሪያውን ቀሚስ ቆርጣ እንደጨረሰች፣ ይቺ እጅ ከድሮዋ ትሻላለች፣ አትደክምም፣ ከሰው ጋርም አታማኝም አለች።

ከዚያ ነው ወደ ፈጠራ ጽሕፈት ቤት የሄድኩት። የተቀበለኝ ባለሙያ ትሑት ሰው ነበር። ፓተንት ማለት ሥራው ያንቺ ነው፣ ማንም ያለፈቃድሽ ሠርቶ አይሸጠውም የሚል የመንግሥት ቃል መሆኑን አስረዳኝ። በአንድ አገር ብቻ ባስመዘግብ ከድንበር ማዶ ያለው ሰው እንዳሻው እንደሚሠራው፣ በየአገሩ ለማስመዝገብ ደግሞ በየአገሩ ቋንቋ ማስተርጎምና በየአገሩ ጠበቃ ማቆም እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። እናንተ ግን አንድ ማመልከቻ ለሁሉም አገር የሚበቃበትን ሕግ ልታጸድቁ ጫፍ ላይ መድረሳችሁን አብሥሮኝ፣ "ትንሽ ታገሺ፤ እስከዚያው አደራ ለማንም እንዳታሳዪ። ከታየ አዲስ አይባልም፤ አዲስ ካልሆነ ደግሞ ፓተንት የለም" ሲል መከረኝ። ጠረጴዛዋን በመጋረጃ ጋረድኳት። ጫፉ ላይ የደረሳችሁት ያኔ ነው፤ ዛሬም እዚያው ናችሁ፤ የቆማችሁበት እንዳያዳልጣችሁ እሰጋለሁ።

ቅሬታዎቼን በተራ ላቅርብ።

1. ስለ ቋንቋ። ፓተንቱ በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ በሚለው መከራከራችሁን፣ ቀጥሎም ክርክሩ በየትኛው ቋንቋ ይካሄድ በሚለው መከራከራችሁን በአድናቆት አንብቤአለሁ። የማንም አገር ቋንቋ ቅር እንዳይለው መጨነቃችሁ የሚያስመሰግን ነው። እኛም ቤት ቅር ያለው ቋንቋ የለም፤ ዝም ብለን ስለምንጠብቅ አላስፈለገንም።

2. ስለ ፍርድ ቤቱ። ሦስት ከተሞች የጋራው ፍርድ ቤት ከእኔ ዘንድ ካልሆነ ስላሉ ለሦስት ልትቆርጡት ማሰባችሁን ሰምቻለሁ። በሙያዬ እንድናገር ከተፈቀደልኝ፣ ያልተያዘ ነገር አይቆረጥም። የሌለን ፍርድ ቤት ለሦስት እኩል መቁረጥ ግን ትልቅ ችሎታ በመሆኑ፣ እህቴ ስነግራት እንዲህ ያለ ቆራጭ ለእኛም ይምጣልን ብላለች።

እህቴ ስለ እናንተ ብዙ ትላለች። ፓተንትን የምታየው ቀጠሮ እንደማያከብር ሰው ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር "ፓተንት የሚሉት ሰውዬ ይሆን?" ትለኛለች፤ "ለአንቺ የታጨ ከሆነ ንገሪኝና መጋረጃው ለእሱ ነው ብዬ ልረፈው።" ሰፈሩም ዝም አላለም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ወንድ ደብቃለች ያሉ ነበሩ። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ያህል ግምት ስላተረፋችሁልኝ አመሰግናለሁ።

3. ይህኛውን ስጽፍ ፌዙ አልታዘዝ ይለኛል። አንዲት ጎረቤት አለችን፤ ዳቦ ቤት ስትሠራ የሊጥ ማቡኪያው ማሽን አንድ እጇን ወስዶባታል። በካሳዋ የስፌት መኪና ገዝታ ልጆቿን በዚያ ለማሳደግ አሰበች። እህቴ የቆረጠችውን ቀሚስ አይታ መጣችና "እትዬ፣ በአንድ እጅሽ እንዲህ ቀጥ አድርገሽ እንዴት ቆረጥሽው? እባክሽ እኔንም አሳዪኝ" ብላ ለመነቻት። እህቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔም የባለሙያውን አደራ አስቤ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ የምቆርጥላት እኔ ነኝ አልኩ። እህቴ አላሳጣችኝም፤ አንገቷን ደፍታ፣ አዎ እሷ ናት አለች። ጎረቤቴ እጇን ብትዘረጋ መጋረጃውን በምትነካበት ቦታ ቆማ አመሰገነችንና ወጣች። በሩ ሲዘጋ እህቴ "ሕመሙ የወሰደብኝ አንዱን ነበር፤ ሁለተኛውን አንቺ ወሰድሽው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቴ ጨርቁን በጥርሷ ይዛ ስትቆርጥ በመስኮት አያት ነበር። ጠርዙ ይጣመምባታል፤ የልብሱ ባለቤትም ይመልስባታል። ባለፈው ሰሞን መኪናዋን የሚገዛ ሰው ስትፈልግ መጀመሪያ የመጣችው ወደ እኔ ነው። "ሙያው ለባለ ሁለት እጅ ነው፤ ከሌላ ሰው አንቺ ብትወስጂው ይሻለኛል" ስትለኝ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

4. ይህ ቅሬታ በእናንተ ላይ አይደለም። መጋረጃውን የሰቀላችሁት እናንተ አይደላችሁም። ሥራዬን እንዳልነጠቅ ፈርቼ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ስሜን ከማኅተም አጠገብ ተጽፎ ማየትም አምሮኝ ነበር። ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው ማኅተም ብዙ ነው፤ ለዚያ ብዬ ግን ሰው ጨርቅ በጥርሱ ሲይዝ ማየት እችላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ቻልኩ። እናንተ የታየ ነገር አዲስ አይደለም ትላላችሁ። አንድ እጅ ላላት ሴት ግን ያላየችው ነገር አዲስም አሮጌም አይደለም፤ የለም።

ስለዚህ መጋረጃውን አወረድኩት። ጎረቤቴን ጠርቼ ከጠረጴዛዋ ፊት አቆምኳት። እህቴም ከጎኗ ሆና "ርገጪ። አሁን ልቀቂ። ቀስ በይ እንጂ፣ ሊጥ መሰለሽ እንዴ?" እያለች አስተማረቻት። ጎረቤቴ አንድ እጅጌ ቆርጣ ጨረሰችና ጨርቁን ደጋግማ አየችው፤ ከዚያ ቀና ሳትል "ያን ዕለትም እዚሁ ነበረች?" ብላ ጠየቀችኝ። እዚሁ ነበረች አልኩ። ይቅር ማለት አለማለቷንም ለመጠየቅ አፍ አላገኘሁም። መኪናዋን ግን አልሸጠችም።

ክቡራን ሆይ፣ ይህ በጋዜጣ የሚወጣ ግልጽ ደብዳቤ ነው፤ የሚያነበው ሁሉ ሥራዬን አየ ማለት ነው። በዚህም መሠረት በአንድ ቀን፣ በአንድ ቋንቋ፣ ያለ ፍርድ ቤትና ያለ ዋና መሥሪያ ቤት ለሁሉም አገር የጋራ ሆኗል። ሥራችሁን ስለተሻማሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ለማያልቀው ጉባኤያችሁ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከአንዱ ዕረፍት እስከ ሌላው ዕረፍት ባለው ጠባብ የሥራ ሰዓታችሁ ይህን ታነቡልኝ ዘንድ እየለመንኩ፣ በፊታችሁ እጅ እነሣለሁ። እጅ መንሣትን በጎረቤቴ ላይ በደንብ ተለማምጄዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ ክንድ የሚያህል ጠፍጣፋ እንጨት ወስዳችሁ ከሥሩ የብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ለጥፉበት። በእንጨቱ ሁለት ጫፎች ትክክል ጠረጴዛውን ብሱና፣ በየጫፉ ያሰራችሁትን ገመድ በቀዳዳው አሳልፋችሁ ከታች ከመርገጫ ጣውላ ጋር እሰሩት። በእንጨቱና በጠረጴዛው መሃል በየጫፉ ከአሮጌ ወንበር የተነቀለ ሞላ ብታስገቡ፣ እግር ሲነሣ እንጨቱም ይነሣል። ይኸው ነው። ይህን የራሱ ፈጠራ አድርጎ በአንዱ አገር ሊያስመዘግብ የሚያስብ ብልህ ቢኖር፣ ከታየ አዲስ አይደለም ይባላልና ይህ ጋዜጣ የወጣበትን ቀን እንዲያይ ንገሩልኝ። ሳይጸድቅ እንዲህ የጠቀመ ሕግ አይቼ ስለማላውቅ፣ እባካችሁ አትቸኩሉ።