ኦቦ በዳዳ ኪስ ውስጥ የከረመው ፊውዝ

ወርቄ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እስከ ሙት ዓመትሽ ድረስ ያለውን መቃብርሽ አጠገብ ቆሜ ስለነገርኩሽ አልደግመውም። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን በአፌ መናገር ስላቃተኝ ጻፍኩት። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮው አጥር ወድቆ በቆርቆሮ ሠራሁት። ልጃችን ቤዛ ሱሉልታ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ መንገድ ተዘግቶ ክርስትናው ላይ ሳልደርስ ቀረሁ። ሰበታ አንቺ የምታውቂያት አይደለችም። ይኼ ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር ከመጣ ጀምሮ ሰው ለመሬቱ ይሰጋል፣ ወጣቱ ይሰለፋል፣ መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ወታደር ይመጣል። ፋብሪካችንም አንዳንድ ሳምንት ሥራ የለም። ያን ያጠፋሁትን ጥፋት ያጠፋሁት በነዚህ ሥራ ፈት ቀኖች ነው።

ጆሮሽ የደከመ ጊዜ ትዝ ይልሻል? መኪና ውስጥ የንግሥ መዝሙር ካሴትሽን ስከፍት ቃሉ አይሰማሽም ነበር። መዳፍሽን በሩ ላይ፣ ስፒከሩ ካለበት ቦታ ትለጥፊና ትንሽ ቆይተሽ “ከበሮው መጣ” ትይኝ ነበር። እኔም ባስ የሚሉትን የወፍራም ድምፅ ስፒከር አስገባልሻለሁ፣ ወንበሩ ሁሉ ከበሮ ይሆንልሻል አልኩሽ። ስቀሽ “በስተርጅና የሰፈር ጎረምሳ ልትሆንብኝ ነው?” አልሽኝ። ድምፅ ማጉያውን አምፕሊፋየርና የባሱን ሳጥን ገዝቼ አመጣሁ። ዛሬ ነገ ስል አንቺ አልጋ ያዝሽ። ዕቃው እንደተጠቀለለ እዚያው አልጋችን ሥር ቀረ።

ሙት ዓመትሽ እስኪያልፍ የመኪናውን ቴፕ አልነካሁም። ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዕቃውን አወጣሁት። ከመኪናው ጋር የመጣውን ቴፕ እንዳልቀይረው አደራ ብለሽኛል፤ ቁልፎቹን ሳታዪ በእጅሽ ታውቂያቸው ነበርና። ያ ቴፕ ደግሞ ለአምፕሊፋየር የሚሆን መውጫ የለውም። የጠየቅኩት ሁሉ ቀይረው አለኝ። እኔ ግን ከኋላው ስፒከር ሽቦ ላይ ቅጥያ አውጥቼ ወደ አምፕሊፋየሩ ወሰድኩት። ወፍራሙን ቀይ ሽቦ ከባትሪው አንሥቼ፣ እዚያው ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገብቼበት፣ ከምንጣፉ ሥር ወደ ኋላ አሳለፍኩት። ስከፍተው እንደ ወፍጮ አጓራ። ነዳጅ ስሰጠው ይብስበታል። ለካ የአምፕሊፋየሩን ኔጋቲቭ ሽቦ የወንበሩ ብሎን ላይ ቀለሙን ሳልፍቅ አስሬው ኖሯል። ሠላሳ ዓመት ሞተር ጠግኜ እንዲህ ሆንኩ። ፈታሁት፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፈቀፈቅኩት፣ መልሼ አጠበቅኩት።

ከዚያ ካሴትሽን አስገባሁ። ከበሮው መጣ፣ ወርቄ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ ያ የሠራሁት ቆርቆሮ አጥር ሳይቀር አብሮ መታ። የመኪናውን በሮች ሁሉ ከፈትኳቸው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ያን ሰዓት ያሰብኩት አንቺን ብቻ አልነበረም። ቴፑን ቀይር ያሉኝ ሰዎች እንዲሰሙልኝ ብዬ ድምፁን ጨመርኩት።

ሁለተኛው መዝሙር ሳያልቅ የጎረቤታችን የኦቦ በዳዳ እህት ነጠላዋን አዘቅዝቃ በራችን ላይ ቆመች። አጠፋሁት። “ጋሽ ታደሰ፣ ለሊሳን እኮ ሌሊት አምጥተውታል” አለችኝ። ተመልሳ ሄደች።

ለሊሳን ታውቂዋለሽ፣ የኦቦ በዳዳ የበኩር ልጅ፣ መምህር ሆኖ ሩቅ አገር የተመደበው። እዚያው በሰልፍ ቀን በጥይት ተመትቶ ሞተ። እዚህ ሰፈር ሰው መሞቱን የምናውቀው በዕድሩ ጡሩምባ ነው፤ ጡሩምባ ካልተነፋ ሁሉም ደህና ነው ብለን ሥራችንን እንሠራለን። ያን ቀን ግን ሕዝብ ከተሰበሰበ ወታደር ይመጣል፣ የሌላም ሰው ልጅ ይሞታል ብለው ጡሩምባ አላስነፉም። ድንኳንም አልተተከለም። ሴቶቹ እንዳይጮኹ ተለምነዋል። አንድ አጥር በሚለየን ግቢ አስከሬን ተኝቶ እኔ ከበሮ አስመታሁ። ኦቦ በዳዳ ማለት እኮ ያንቺን ሣጥን ተሸክመው፣ ሦስቱን ቀን ድንኳን ውስጥ ከጎኔ ያልተለዩ ሰው ናቸው።

እጄን እንኳ ሳልታጠብ ሄድኩ። “ጀባዳ” ማለት ነበረብኝ፣ በርቱ ማለት፤ በስንት ለቅሶ ላይ ብዬዋለሁ። አልወጣ አለኝ። ኦቦ በዳዳ ቀና ብለው አዩኝና መልሰው አንገታቸውን ደፉ። እናቱ አዴ ጫልቱ የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። እኔም ጥግ ይዤ ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን ፊውዙን ነቅዬ ወሰድኩላቸው። “ኦቦ፣ ይኼ ከሌለ ያ ነገር አይጮኽም። አንቱ ዘንድ ይቀመጥ፤ ቤታችሁ ሲፈቅድ ትሰጡኛላችሁ” አልኳቸው። ተቀብለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ ወዲያ ዓመት ሙሉ ፊውዙ እሳቸው ዘንድ ቆየ። ዕድር ስንሰበሰብ አጠገቤ ይቀመጣሉ፣ ሰላምታ ይመልሳሉ፣ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለም። እኔም ጸሎት ላይ ስቆም ያ ከበሮ ይመጣብኛል። ለማን ነበር የከፈትከው እላለሁ ራሴን። ለወርቄ ነው እንዳልል፣ ድምፁን ስጨምር ማንን እያሰብኩ እንደነበር አውቃለሁ። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ ሳታውቅ ያደረግከው ነው ብለው አጽናኑኝ። እኔ ግን አልተጽናናሁም። ያን ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ ባይ ኖሮ አውቅ ነበር።

ባለፈው እሑድ የለሊሳ ሙት ዓመት ወጣ። በማግስቱ ኦቦ በዳዳ በራችንን አንኳኩ፤ አዴ ጫልቱም ከኋላቸው አሉ። ፊውዙን ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። አስገባው አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ።

“ስማ ታደሰ። ያን ቀን ቤታችን ውስጥ ማልቀስ አልተፈቀደም ነበር። ከበሮህ ሲመታ ጫልቱ ጮኻ አለቀሰች፣ ከውጭ ማን ይሰማታል። ስታጠፋው መልሳ ዋጠችው። ይኼን ልነግርህ ስንቴ ተነሣሁ መሰለህ፤ የዚያን ቀን ነገር ከአፌ አልወጣ አለኝ።”

ፊውዙን አስገባሁ። አዴ ጫልቱን አንቺ ትቀመጪበት በነበረው ወንበር አስቀመጥኳቸውና፣ ወርቄ እዚህ ጋ በእጇ ነበር የምትሰማው ብዬ ቦታውን አሳየኋቸው። መዳፋቸውን በሩ ላይ ለጠፉ። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው እጃቸውን ወደ ቁልፉ ዘርግተው ጨመሩት፤ ደግመው ጨመሩት። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ለቅሷቸውን አልሰማሁትም። እኔና ኦቦ በዳዳ ውጭ መኪናውን ተደግፈን ቆምን። ካሴቱ ሲያልቅ ገልብጬ አስገባሁላቸው።

ለፍትሐት በምሰጠው ወረቀት ላይ ከአሁን ወዲያ ከስምሽ ሥር ለሊሳን እጽፋለሁ። ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ ከሚካኤል ቅዳሴ ስመለስ፣ ካሴትሽን እከፍትልሻለሁ፤ ከመክፈቴ በፊት ግን ወደ አጥሩ ሄጄ ወዲያ ማዶ አያለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ እንዲህ እያደረግኩ አስብሻለሁ።

ያንቺው ታደሰ