በዓይኔ ያዞርኳት የወረቀት እባብ

ሰኞ

ዛሬ ጉድ ሠራሁ! ከወረቀት ጥምዝምዝ እባብ ቆርጬ ከኩራዙ በላይ በክር ባንጠለጥላት ዝም ብላ ትሽከረከራለች። ለአቧራው ብለን መስኮቱን ዘግተነዋል፣ ክፍሉ ጨለም ብሏል፣ ጥላዋ ግድግዳው ላይ ይዋኛል። ሕፃናቱ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔም ሕልም ውስጥ ያለሁ መሰለኝ።

የመዋለ ሕፃናቱ አስተማሪ እትዬ ብርቄ ወልዳ ስለተኛች ነው ቀበሌው ለጊዜው እኔን ያመጣኝ። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ እና ምን ይሁን? በአጎቴ ሱቅ ስኳርና ሻይ ቅጠል መቋጠሪያ ስጠቀልል ነው እጄ የተፈታው። ቆቦ ውስጥ እንደኔ ወረቀት የሚያጥፍ ካለ ይምጣና ይሞክረኝ!

«ጋሼ ሞላ፣ ማነው የሚያዞራት?» አለችኝ ዘይነባ፣ ያቺ ጥያቄዋ የማያልቅ የሀዋ ልጅ።

«እኔ ነኛ! በዓይኔ!»

እትዬ ብርቄ የነገረችኝ ሌላ ነው። የሞቀ አየር ወደ ላይ ሲወጣ እየገፋት ነው አለች። ግን በዓይኔ ሲባል ያምራል።

ማክሰኞ

ጣጣ መጣ። በጠዋት ሀዋ በሩ ላይ ቆማለች።

«አኡዙ ቢላህ! አንተ የሱቅ ልጅ፣ ልጆቻችን ላይ ጂን ትጠራለህ?»

ዘይነባን ጎትታ ሄደች። ሌሎቹም እናቶች ተከተሏት። ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሰሌኑ ብቻ ቀረ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጠራኝ።

«ሐሙስ እናቶቹ ባሉበት አሳያቸው። ካላመኑህ ወደ ሱቅህ!»

«ጓድ፣ እኔ እኮ...»

«አፍህን ሳይሆን ወረቀትህን አሳይ።»

ረቡዕ

ለሐሙስ ትልቅ እባብ ልሥራ ብዬ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ሞከርኩ፣ ከበደ፣ እምቢ አለ። ቀጭን ያስፈልጋል። ክር አለኝ። ላምባውና ቀጭኑ ወረቀት ከአጎቴ ሱቅ።

ከሰዓት ማሽላው ዳር ተጋደምኩ። ወፍ ጠባቂዎቹ ማማቸው ላይ ሆነው ይጮኻሉ። ሰማዩ ላይ አንዲት ትልቅ የወረቀት እባብ ታየችኝ፣ ከጎብዬ እስከ ቆቦ የምትዘረጋ፣ ቀስ ብላ ስትዞር። ሱቅ ብመለስ ምን አለ? ስኳር መቋጠር ነው። ስኳር ቋጥረህ ስትሰጠው አፉን ከፍቶ የሚያይህ ሰው የለም።

ሐሙስ

እናቶቹ ሰሌኑ ላይ ተደረደሩ። ኩራዙን አበራሁ። እባቢቱ ዞረች።

«ይኸው! በዓይኑ ነው!» አለች ሀዋ፣ አፏን በሻሿ ሸፍና።

ስለ አየሩ ልናገር ነበር። ግን ሁሉም እኔን ያያል፣ ደረቴን ነፋሁና ዓይኔን እባቢቱ ላይ ተከልኩ። ይሄኔ ዘይነባ ከእናቷ ጭን ወርዳ መጣችና እፍ! ኩራዙን አጠፋችው። እባቢቱ ዘገመች፣ ዘገመች፣ ቆመች።

«በል ጋሼ፣ አሁን አዙራት።»

አፈጠጥኩ። ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር አፈጠጥኩ። ንቅንቅ የለም! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ወላሂ፣ ጂኑ ላምባ ጠጪ ኖሯል!» አለች ሀዋ። ከሁሉም በላይ እሷ ሳቀች።

አፈርኩ፣ ግን ነቃሁ። ኩራዙን እንደገና ለኩሼ ሁሉም በየተራ እጃቸውን ከላዩ እንዲዘረጉ አደረግኩ። «የሚሰማችሁ ሙቀት ነው የሚያዞራት። እኔ አይደለሁም።» ይቺን ለማለት ምን ያህል እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሀዋ መዳፏን ደጋግማ አየችው። «ነገ ዘይነባን ላምጣት?» አለችኝ።

ሊቀመንበሩም በተራው እጁን አሙቆ ወጣ። የሱቁንም ነገር አላነሣም።

ዓርብ

ሁሉም መጡ! ከወረቀት የነፋስ መዘውር ሠርተን በእሾህ ወግተን አገዳ ላይ ሰካን። ግቢው ሙሉ ይሽከረከራል። የኔው ነው ትልቁ፣ ይታወቅልኝ።

እኩለ ቀን ላይ ከመንገዱ ማዶ፣ ከታጨደው ማሳ፣ አውሎ ነፋስ ተነሣ። አቧራው ተጠምዝዞ ሰማይ ደረሰ። ወትሮ ልጆቹ «ጂን አለፈ!» ብለው ይበተኑ ነበር። ዛሬ ማንም አልሮጠም። ቆመው ያያሉ።

«ጋሼ፣ ለዚያችስ ከሥሯ ማነው ኩራዝ ያበራላት?» አለችኝ ዘይነባ።

«እኔ» ልል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። እትዬ ብርቄ ይሄን አልነገረችኝም። ቁጢጥ አልኩና መዳፌን መሬቱ ላይ አሳረፍኩ። ይፋጃል።

ልክ ልሁን አልሁን እንጃ።

«እስቲ አንቺም ንኪው» አልኳት።