ሪባን ስላልደረሰው አበባ

ለክቡር አቶ ታርሞ ኩይቫላ
የሱቮላ ማዘጋጃ ቤት የአረንጓዴ ስፍራዎች ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ? ቅዳሜ ረግረጉ ዳር ምን ያህል ጎንበስ ቀና እንዳሉ በጋዜጣ አይቼ አሳስቦኛል። እኔ በግንቦት ተመርቄ በሰኔ በቢሮዎ የተቀጠርኩት የዕፅዋት ባለሙያ ነኝ፤ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. የአበቦቹን ካርታ ሳሳይዎ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ካርታ እሳት ማያያዣ አድርጊው፤ ጫካ ውስጥ ሰው የሚያምነው ምልክት ነው» ብለው ሰማያዊውን ሪባን ከመሳቢያዎ አውጥተው ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ማንም እንዳይነካቸው፣ «የግንደቆርቁር ስልቻ» በሚባሉት ሠላሳ አንድ አበቦች ላይ አስሬ ሪባኑ አለቀ። ይህ ቢጫ ጫማ የመሰለ አበባችን ከዘር ተነሥቶ እስኪያብብ ከአሥር ዓመት በላይ እንደሚፈጅ፣ በሕግም እንደተጠበቀ የምጽፈው ለሌላው አንባቢ ነው፤ እርስዎማ ኃላፊ ነዎት።

፪ኛ. የረግረጉን ዳር መንገድ የወረረውን መጤ ግብጦ ለመንቀል ለቅዳሜ ደቦ ስለጠሩ፣ እኔንም በዚያው ዕለት ወዲያኛው ሐይቅ ስለላኩኝ አመሰግናለሁ። ሕዝቡ «የቱን እንንቀል?» ሲል፣ «ሪባን ያለበትን! ልጅቷ ለይታልናለች» ብለው ድካሜን በአደባባይ አወደሱልኝ። መኪና በሌለበት መንገድ ቀይ መብራት አክብሮ የሚቆም ሕዝብ፣ ምልክት አይቶ አይከራከርምና ነቀለ። የሰማንያ ሁለት ዓመቷ እማማ አይሊ ብቻ፣ «ኧረ ታርሞ፣ ይሄ ግብጦ ነው? ዓይንህ የት ሄደ?» ቢሉ፣ «እማማ፣ የደቦው ሾርባ እንዳይቀዘቅዝብዎ» ብለው ስለተንከባከቧቸው ልቤ ተነክቷል።

፫ኛ. ከሁሉ በላይ ግን እቅፍ አበባውን ከነሥሩ ይዘው ፈገግ ብለው ለጋዜጣው ፎቶ ስለተነሡ አመሰግናለሁ። ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ አንድ ናቸው፣ አንድም አልጎደለ። ጋዜጣውን ቆርጬ፣ እሳት ማያያዣ ካልሆነው ካርታዬ ጋር ለአካባቢ ጥበቃ መርማሪዎች ልኬዋለሁ። አይስጉ፣ መልክዎ ጥርት ብሎ ወጥቷል።

ውለታዎን ሳትመልስ ከዚህ ከተማ ንቅንቅ የማትል፣
እስከ ቅዳሜ ታዛዥዎ የነበረች፣
ኢልታ ራውታማ

ማሳሰቢያ፦ ሪባን ያልደረሰው ሠላሳ ሁለተኛው አበባ በሕይወት አለ። ከበጋ ጎጆዎ በላይ ጥዱ ሥር፣ ለአዲሱ ሳውናዎ ችካል በተከሉበት መካከል ቆሟል። ቦታውን በአበባው ስም አስመዝግቤዋለሁ፤ መርማሪዎቹም ሰኞ መጥተው ችካሉን ያስነቅላሉ። ዘንድሮም፣ ለከርሞም፣ በአሮጌው ሳውና ይታጠቡ። እኔም በየሰኔው እየመጣሁ አበባውን እጠይቀዋለሁ፤ ሪባን ግን አላስርለትም።