ማኔ አራተኛ ክፍል ገባች

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

የበድሩን ጀነሬተር ጠገንኩ። ነዳጅ ብቻ ነበር የጎደለው። ለበድሩ ግን «ከባድ በሽታ ነበር፣ ከሞት ነው የመለስኩት» አልኩት። በምርቃት ሸኘኝ። ነገ እነግረዋለሁ... ወይም ከነገ ወዲያ።

ከዚያ ወደ እህቴ ልጅ ቤት። ማናልሞሽ፣ የእኔዋ ማኔ፣ ዛሬም አስገርማኛለች። ማስተማር ልትጀምር ስትል በጓሮ በር ትወጣለች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ቤቱን ትዞራለች፣ በፊት ለፊት በር አንኳኩታ ትገባለች። ከዚያ በኋላ እናት የለችም። ልጇ ሐሴት ብድግ ብላ «እንደምን አደሩ፣ ቲቸር!» ትላለች። «ማሚ» ያለች እንደሆነ መልስ አታገኝም።

እኔ ዘግይቼ ገባሁ።

«አቶ ይሄይስ፣ አሁን ነው የሚመጣው?»

«ቲቸር፣ ዝናቡ...»

«ሐሴትም ዝናብ ነበረባት።»

«እሷ እኮ እዚሁ ነው ያደረችው!»

«ግድግዳውን ይዘው ይቁሙ።»

ቆምኩ። ሽበታም ሰውዬ። ሐሴት በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። እኔ በዕድሜዬ ክፍል ገብቼ አላውቅም፣ ፊደልን የለየሁት ጋዜጣ ከተለጠፈበት የቤታችን ግድግዳ ላይ ነው። እንግዲህ ግድግዳና እኔ የቆየ ትውውቅ አለን።

ቀልዱ ይቅር። ይቺ ልጅ ባለፈው ዓመት በአስም ስንቴ ነው ሆስፒታል የገባችው? ሐኪሙ «ለአንድ ዓመት ከተጨናነቀ ክፍልና ከጠመኔ ብናኝ ትራቅ» አለ። የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተርም ደግ ሴት ናት፤ «እቤት ትማር፣ በሰኔ ከአራተኛ ክፍል ልጆች ጋር ትፈተን። ካለፈች አምስተኛ፣ ከወደቀች ትደግማለች» አለች። ማኔ ያንን ሰኔ በሆዷ ይዛ ነው የምትዞረው። «አሥረኛ ላይ ያቆምኩ ሴት... እኔ ማን ነኝና ነው የማስተምረው?» ትላለች ሲከፋት። በማግስቱ ግን ቤቱን ዞራ ታንኳኳለች።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ሐሴት ሳምንቱን ሙሉ አላሳላትም። ማኔ ደውላ ነገረችኝ፣ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው እየጮኸች።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ምን ዓይነት ቀን ነው?

ሳባ ልትጫወት መጣች፣ የሐሴት የድሮ የክፍል ጓደኛ። ቦርሳዋን እንደያዘች። ሁለቱ መጽሐፍ ገልጠው «ገጽ ስንት ደረሳችሁ?» ይባባላሉ። ሐሴት «ይሄ እኮ የእኛ አይደለም» አለች። ሳባ «የእኛ ነው፣ ዘንድሮ የተሰጠን።» ማኔ ከጓሮ ሰምታ መጣች፣ እጇ እርጥብ ነው። ሁለቱን መጽሐፍ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ገለጠች። ገለጠች...

መጽሐፉ ተቀይሯል። እሷ ከመስከረም ጀምሮ ያስተማረችው አሮጌውን ነው፣ ጎረቤቷ ከድጁ ከትልቋ ልጇ ከአርዋ ተርፎ የሰጠቻትን። እኔ ራሴ ነኝ በላስቲክ የለበድኩት፣ እንዳይበላሽ ብዬ!

ሒሳቡ ግማሹ ሌላ ነው። እንግሊዝኛውማ ጭራሽ።

ማኔ አላለቀሰችም። «ልጄን ያለፈ ትምህርት አስተማርኳት» አለች ብቻ። እኔም ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ሄድኩ። ማኔ ልብስ እያጠበች ነው፣ የታጠበውን መልሳ። ከድጁ አጠገቧ ቆማ ትለማመጣታለች። «እኔ ምን አውቄ፣ የእኔ እህት? መጽሐፍ መጽሐፍ ነው ብዬ ነው እኮ የሰጠሁሽ። በቃ ትድገም፣ ምን አለበት? ልጅ ናት።» የማኔ ባል ብሩክም ከሥራ ቦታው ከቴፒ ደውሎ «ከከበደሽ ተይው» ብሏታል። ለሷ አዝኖ ነው። ግን አንዳንዴ ማዘን እንዲህ ይከብዳል?

እቤት ስገባ ሐሴት ከወንበሯ አጠገብ ቆማለች። ደብተሯ ተገልጧል። በሩን ታያለች።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቲቸር እስክትመጣ ነው፣ አባባ።»

ወጥቼ ለማኔ ነገርኳት። የጨመቀችውን አንሶላ ባልዲው ውስጥ መልሳ ጣለችው። ግን አላንኳኳችም።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

የሳባን መጽሐፍ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንስቼ ለማኔ ላኩላት። ጀግና ነኝ ብዬ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አይቼዋለሁ። አመሰግናለሁ። ግን ለኔ ራሴ አልገባኝም። ፎቶ ብጠይቀው ይመልስልኛል?»

«ፎቶማ አይመልስም» አልኳት። ከዚያ «እንግዲያው የሚመልስ ሰው ጋ ነው መሄድ» ብላ ዘጋችው። ምን ልታደርግ ነው?

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ማኔ አራተኛ ክፍል ገባች!

አልተሳሳትኩም። ዳይሬክተሯን ለምና፣ መምህሩን አቶ ሲሞንን አስፈቅዳ፣ ዛሬ ጠዋት ደብተር ይዛ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሳምንት ሦስት ጠዋት። እኔ ሐሴትን እጠብቃለሁ፣ እሷ ስትመለስ የተማረችውን ታስተምራለች።

ልጆቹ ስቀውባታል። አንዱ «እቺ ትልቋ ስንት ጊዜ ደግማ ነው?» ብሎ ጠይቋል። ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሏት በጎን ተቀምጣ ነው የጻፈችው። ከድጁ ደግሞ ሱቋ ላይ ሆና ለመጣ ለሄደው ሁሉ ታወራለች... መጀመሪያ እየሳቀች ነበር፣ ወደ ማታ ግን ድምፅዋ ሌላ ሆነ። «እኔ አላደርገውም። ብሞት አላደርገውም» አለችኝ።

እኔስ? እኔም አላደርገውም። ለቀልድ ከሆነ አደርገዋለሁ። ለቁም ነገር፣ አርባ ልጅ እያየኝ...

ማኔን ሳገኛት ግን «እትዬ ተማሪ፣ የቤት ሥራሽን ሠርተሻል?» አልኳት። በደብተሯ ትከሻዬን አለችኝ።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ዛሬስ ሞቼ ነበር በሳቅ። ማኔ ለሐሴት መድኃኒት ስትገዛ ዘገየች፣ ክፍል ውስጥ ዘግይታ ገባች። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ቲቸር፣ ወላጅ ታምጣ! እኛን ወላጅ አምጡ ይሉን የለ?» አሉ። አቶ ሲሞንም ሳቅ እያነቀው «ልክ ናቸው። ወይዘሮ ማናልሞሽ፣ ነገ ወላጅ» አላት።

ወላጅ ማን ነው? እኔ!

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ሐሴትን ከድጁ ጋ ትቼ ኮቴን ለበስኩ፣ ከረባት ከበድሩ ተዋስኩ። (ስለ ነዳጁ ነገርኩት። ሰደበኝ፣ ከረባቱን ግን ሰጠኝ።) ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «የተማሪ ማናልሞሽ ወላጅ ነኝ። ጥፋቷ ምንድን ነው?» ልጆቹ ጮሁ፣ ዴስክ ደበደቡ። ማኔ ፊቷን በደብተር ሸፈነች። እኔም «ቤት ስንገባ እንነጋገራለን» ብዬ ጣቴን ቀሰርኩባት።

አቶ ሲሞን እየሳቀ ወደ ውጭ ወሰደኝ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እዚህ ክፍል ያልገባው ልጅ ዝም ነበር የሚለው። እሷ ከመጣች በኋላ... እጇን ታወጣለች፣ "አልገባኝም፣ ይደገምልኝ" ትላለች። እናት ሆና! አሁን ልጆቹም እጃቸውን ያወጣሉ። ትናንት አንድ ትምህርት ሦስቴ ደገምኩ።»

«አስቸገረችህ ማለት ነው?»

«በጣም!» አለኝ። ዓይኑ ግን እንደዚያ አይልም።

ከማን ተማረችው? ከእኔ አይደለም። እኔ ያልገባኝን በቀልድ እሸፍናለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ሐሴት እናቷን አረመቻት፣ ማኔ «ልክ ነሽ» አለች። አልደነገጠችም። እንደገና ሠሩት።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ፈተና። ሐሴትን ዳይሬክተሯ ቢሮ፣ መስኮት አጠገብ አስቀመጧት። ትንፋሿ ደህና ነው። ማኔ ከአጥሩ ውጭ ቆመች፣ ዝናቡ ሲመጣም አልተነቃነቀችም። ከድጁ ሱቋን ዘግታ መጣች፣ ቂጣ ይዛ። ማናችንም አልበላንም።

«ብትወድቅስ፣ ጋሼ?»

«እኔ ወላጅሽ ነኝ፣ እገርፍሻለሁ።»

አልሳቀችም። እጄን ያዘችኝ።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ካርድ።

አልፋለች! ሰባ አንድ። አንደኛ አይደለችም፣ አሥረኛም አይደለችም። አምስተኛ ክፍል ግን ናት። ከድጁ ግቢው መሃል እልል አለች፣ ኮፍያዬን ወረወርኩ፣ ኩሬ ውስጥ ወደቀ። የአራተኛ ክፍል ልጆች ማኔን ከበዋት «እርስዎስ? እርስዎስ አለፉ?» ይሏታል።

ማኔ ግን በልጆቹ መሃል አልፋ ወደ አቶ ሲሞን ሄደች። ለቅሶ ጠበቅኩ፣ ምርቃት ጠበቅኩ።

«የሒሳቡን ወረቀት ማየት እችላለሁ? የሳተቻቸውን» አለችው።

ከድጁ «ኧረ በአላህ! ዛሬ እንኳን ተያት!» አለቻት።

«ያሰበችውን የምታስታውሰው ዛሬ ነው።» ቀጥላም፣ ልክ ስለ ጨው እንደምታወራ፣ «ለመስከረም ሐኪሙ ካልፈቀደላት ብዬ ለአምስተኛ ክፍሉ መምህር ነግሬዋለሁ። የኋላ ወንበር አለ ብሎኛል» አለች።

በሚያዝያ አንድ ስህተት አይታ ቃል ያጣች ሴት... ዛሬ ስህተት ጠይቃ ተቀበለች። ከሐሴት ጋር ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ሁለት ራስ አንድ ላይ። «እዚህ ጋ ምን ብለሽ አሰብሽ?» ስትላት ሰማሁ።

ሰው ሁሉ እየወጣ ነው። ዝናቡ ጀመረ። የሚነገር ቀልድ ፈለግኩ፣ ሁልጊዜ ይመጣልኝ የለ? ዛሬ አልመጣም።

ጃንጥላዬን ከፍቼ በላያቸው ያዝኩላቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። እስኪጨርሱ ቆምኩ።