ቅጠልያ ወይስ የወይራ ቅጠል?

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ ወይስ እንዳልጨነቅ ብለህ ደብቀኸኝ ነው? ባለቤትህስ? ያቺ ሳቂታ ልጃችሁስ አደገች? እኛ ደህና ነን፤ አባባን ግን ጠርጥሬው ከርሜአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ድንገት ተነሥቶ ክፍልህ ይቀባ አለ። ቀለም ቀቢው መጥቶ ግድግዳው ላይ ሁለት ዓይነት አረንጓዴ ለሙከራ ቀባ፤ በመስኮቱ በኩል ቅጠልያ፣ በበሩ በኩል የወይራ ቅጠል የመሰለ ደብዘዝ ያለ። ከዚያማ ጉድ ፈላ። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ ለአንዲት ቁልፍ እንኳ ሰው አማክሮ የማያውቅ አባባ፣ ያገኘውን ሁሉ እየጎተተ የትኛው ይሻላል ይል ጀመር። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ሳይቀር ክፍልህን ጎብኝቶ ሄደ።

መቼም ታውቀኛለህ፣ ነገር አያልፈኝም። መጀመሪያ ሊያገባ ነው አልኩ። ፊት ለፊታችን ያለችውን አዋላጅ ጠረጠርኩ፤ እሷንም አስገብቶ አሳይቷታላ! ስትወጣ ጠብቄ ፊቷን አየሁት፤ ምንም የለበትም። እሷ የመስኮቱ ይሻላል፣ የበሩ ይጨልማል ያለችውን ማታ እንደ ራሱ አሳብ አድርጎ ሲነግረኝ ግን ጭራሽ ባሰብኝ። ቀጥሎ ቤቱን ልትሸጡት ተመካክራችሁ ይሆናል ብዬ አንተንም አማሁህ።

ትናንት እኔ ለቀቢው ቅጠልያው ይሻላል ብዬ ብነግረው፣ አባባ የወሰነ መስሎት ግድግዳውን ዳር እስከ ዳር ቅጠልያ ቀባው። አባባ ገባ፣ መነጽሩን አስተካከለ፣ ብዙ ቆሞ አየ። «አሁንም የመስኮቱ በኩል ይሻላል፤ የበሩ ይጨልማል» አለ። ቀቢው እኔን አየ፣ እኔም ቀቢውን።

ወንድም ጋሼ፣ አባባ ቀለም አይለይም። ዓይኑ ከድቶታል። ክር እያመጣ ምረጪልኝ ሲለኝ የከረመው ሙያ ሊያስተምረኝ አልነበረም። ልክ ነህ፣ የመስኮቱ ይሻላል አልኩት። ሰበብ ፈልጌ ሐኪም ዘንድ እወስደዋለሁ፤ ምን እንደሚሉን እንጃ። ክፍሉን ያስቀባው በክረምት እመጣለሁ ስላልከው ነው። ዘንድሮ እንዳታራዝመው፣ እለምንሃለሁ።

ባለቤትህን እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ እናቷንም እንዲሁ። የልጅቷን ሁለቱንም ጉንጭ ሳምልኝ። አባባም ሰላም ብሎሃል። የልጅቷን ፎቶ ላክ ልበለው ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። ፎቶ ምን ያደርግልኛል፣ ራሷን ያምጣትና ፊቷን በእጄ ልያዘው አለኝ።

እህትህ
ከአባባ ስፌት ቤት፣ ግንቦት ፲፱