ስለ መሰረት የጠየቅኳቸው ሰዎች

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ቦጋለች፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ያ የጉልበትሽ ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ይይዝሻል? ጋሽ ተክሉስ እንዴት ናቸው? የእማዬ ዓይን ተሻለው? ቤዚና ኢዮብ መቼም በቁመት ሳይበልጡኝ አልቀሩም። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር በጣም ደህና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን። እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሳችሁ። እኔም እንደ አቅሜ ይዣለሁ፤ የሥራ ባልደረባዬ ሙሀጅር አጠገቤ ተቀምጦ የተጠበሰ ዶሮ እየበላ በረመዳን ትበቀለኛለህ ይለኛል።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው እናታቸው ታመውባቸው ወደ አገር ስለሚገቡ በእጃቸው ይደርስሻል። የአንቺም ደብዳቤ በገና ሰሞን በሰው እጅ ነው የደረሰኝ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሽው ካነበብኩት በኋላ ገባኝ። ይህንንም አንብበሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

እስቲ በመጀመሪያ የጻፍሽልኝን መልሼ ልንገርሽና የተሳሳትኩት ካለ አርሚኝ። ጎረቤታችሁ ያለችው ተማሪ፣ መሰረት፣ ደም እየፈሰሳት እናቷ አዝላ ጤና ጣቢያ አመጣቻት። ተረኛዋ ጤና ረዳት አንቺ ነበርሽ። ደሙን አቆምሽ፣ ልጅቷም ተረፈች። ከዚያ አንዱ ወሬውን ለፖሊስ አደረሰ። አሁን ከፋሲካ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርበሽ፣ ፅንሱ በራሱ ወረደ ወይስ ሆን ተብሎ እንዲወርድ ተደረገ ተብለሽ ልትጠየቂ ነው። ያየሽውን ብትናገሪ መሰረት ትታሰራለች። ብትደብቂ ከሥራ መባረር አለ፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል። ጋሽ ተክሉም እንደ ባልነታቸው ልጆችሽን አስቢ፣ ያየሽውን ተናግረሽ ውጪ ይሉሻል። አንቺ ደግሞ እንቅልፍ አጥተሽ፣ እናንተ ያላችሁበት አገር እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ነው የሚያደርጉት ብለሽ ጠየቅሽኝ።

እኔን ጠየቅሽኝ፤ ልጅ ሆኜ ዝንብ እጇን ለምን ታሻለች እያለ ምሳ አላስበላ አለኝ ስትይኝ የነበርሽው አንቺ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ እኔም እንደ ልማዴ ያገኘሁትን ሁሉ ስጠይቅ ከረምኩ። የሴቶች ጉዳይ ነው ብዬ መጀመሪያ አፍሬ ነበር። በኋላ ሐፍረቱ ተወኝ፤ ወይም እኔ ተውኩት።

ደግሞ ለመጠየቅ እንደ እኔ የተመቸ ቦታ ያለው ሰው የለም። የምሠራው መኪና ማቆሚያ ውስጥ መሆኑን ነግሬሻለሁ። በሩ ላይ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚቀርባት ጠባብ ቤት አለችኝ፤ ማሞቂያና ሬድዮ አላት። ከመንገዱ ማዶ ሴቶች ፅንስ የሚያስወርዱበት ክሊኒክ አለ። የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ሐኪም አለው፣ ቀጠሮ አለው። ፊት ለፊቱ ይህን የሚቃወሙ ሰዎች ካርቶን ላይ ጽፈው ይቆማሉ፤ መቁጠሪያ ይዘው የሚጸልዩም አሉ። የክሊኒኩ በር ላይ ደግሞ ደማቅ ሰደርያ የለበሱ ልጆች የሚመጡትን ሴቶች ክንዳቸውን ይዘው ያስገባሉ። ሁለቱም ወገኖች መኪናቸውን የሚያቆሙት እኔ ዘንድ ነው፤ ብርዱ ሲጠናባቸውም በየተራ ገብተው እጃቸውን የሚያሞቁት እኔ ዘንድ ነው።

እዚህ የተመደብኩ ሰሞን የሠራሁትን ጉድ ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ። በዚያ ብርድ በየቀኑ ሲቆሙ ሳይ ቀበሌ አስገድዶ ያወጣቸው መሰለኝ። እኔ የማውቀው ሰልፍ ስም የሚጠራበት፣ የቀረ ደግሞ ስኳሩን የሚከለከልበት ነው። ሚስስ ዶይል የሚባሉ፣ እማዬን የሚያክሉ አሮጊት እጃቸውን ሊያሞቁ ሲገቡ፣ ስም የሚጠራው ማን ነው፣ ቢቀሩስ ምን ያደርጉዎታል ብዬ ጠየቅኳቸው። ነገሩ የገባቸው ቆይቶ ነው። ማንም አልላከኝም፣ ብቀር የምቆጣው እኔው ራሴ ነኝ አሉኝ። ካረን የምትባለውን ባለ ሰደርያ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋን፣ ይህንኑ ብጠይቃት ቃል በቃል ያንኑ መለሰችልኝ። ሁለቱ ሰላም አይባባሉም። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ድሮ የእዚህም አገር ሕግ ከእኛው ብዙ አይርቅም ነበር አሉ። የሐኪሞች ኮሚቴ ተቀምጦ ለጤናዋ ያሰጋታል ካላለ በቀር ወንጀል ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ትልቁ ፍርድ ቤት ያንን ሕግ ጣለው። መንግሥት ደግሞ ሌላ አረቀቀ፤ የሴቲቱ ጤና ያሰጋል ሳይል ፅንስ ያስወረደ ሐኪም ይታሰር የሚል። የታችኛው ምክር ቤት አሳለፈው፣ የላይኛው ምክር ቤት ድምፅ ብቻ ቀረ። እንግዲህ ብርዱን ሙሉ በሬድዮ የሚሰማው ይኸው ክርክር ሆነ። ሰው ይደውላል፣ አንዱ ሕፃኑስ ይላል፣ ሌላው ሴቲቱስ ይላል። ከሚደውሉት የሚበዙት ወንዶች መሆናቸው ገረመኝ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው። የእኛም ሰዎች ቢሆኑ ምግብ ቤት ተሰብስበን ይህ ወሬ ሲነሳ ድምፁ ከፍ የሚለው ወንዶቹ ዘንድ ነው፤ ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያዩና ዝም ይላሉ። እኔም እዚያው መሐል ገብቼ ስጠይቅ ሙሀጅር ሰለቸውና፣ «ገረመው፣ ሺፍትህን ጨርሰህ ቤትህ ግባ፤ የተቀጠርከው ለፓርኪንግ እንጂ ለፓርላማ አይደለም» አለኝ።

የአንቺን ነገር መጀመሪያ የነገርኩት ለካረን ነው። ከስም የነገርኳት የልጅቷን ብቻ ነው፣ አገሩ ሩቅ ነው ብዬ። ሳትውል ሳታድር መለሰችልኝ። እህትህ ምንም አትናገር፣ እንዲህ ብለው ሊጠይቋት መብት የላቸውም አለች። እኔም ዝም ብትል ሥራዋን እንደምታጣ፣ ልጆች እንዳሏት፣ መብት የለህም የተባለ ፖሊስ እኛ አገር ምን እንደሚያደርግ ነገርኳት። ወጣች። በማግስቱ መጥታ፣ ስሟን እያሰብኩ አደርኩ፣ ትናንት የመለስኩልህ ቀላል አድርጌ ነው፣ እኔ በእህትህ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም አለችኝ። ለዚህ ቃሏ አከበርኳት።

ከዚያ የነፍስ አባቴን ጠየቅኩ። እሳቸው ነገር አያድበሰብሱም። ኃጢአት መሆኑን አልክድህም አሉኝ። ለኃጢአቷ ግን ልጅቷ የራሷ የነፍስ አባት አላት፣ ቀኖናዋን የሚሰጣት እሱ ነው፤ እህትህ ዳኛም አይደለች ቄስም አይደለች። ሐሰት እንድትምል ግን አልፈቅድም አሉ። ታዲያ ምን ትበል ብላቸው፣ ያን እሷ ታውቀዋለች ብለው መስቀል አሳለሙኝ። እያሰብኩት ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ አውቶቡሱም ከመውረጃዬ አሳለፈኝ።

ጥር ሃያ ሦስት ቀን ሐሙስ የላይኛው ምክር ቤት ድምፅ ሰጠ። ይህን ልብ ብለሽ ስሚኝ። አርባ ሦስት ለአርባ ሦስት ሆኑ። እኩል ለእኩል። በደንባቸው ድምፁ እኩል ከሆነ ሕጉ ወደቀ ማለት ነው፤ ስለዚህ ወደቀ፣ አሁን በዚህ ጉዳይ ይህ አገር የሚያስርም የሚፈታም ሕግ የለውም። እኛ የምናውቀው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚባለውን ነው፤ አገር እንዲህ መሐል ለመሐል ተከፍሎ፣ ተቆጥሮ፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሲገባ አይቼ አላውቅም። ሬድዮው ሲናገር ሚስስ ዶይል እኔ ዘንድ ነበሩ። አለቀሱ። ሕፃኑ አፍ የለውም፣ አፍ ልሁነው ብዬ ነበር አሉ። አዘንኩላቸው፣ እውነቴን ነው፤ ከአንጀት ያለቀሰ ሰው ያስታውቃል። በዚህ መሐል ካረን ከጓደኞቿ ጋር ስትሳሳቅ ቆይታ በሩን ከፈተች። አሮጊቷን አየች። ብርድ እንዳይገባ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ሄደች።

ለሚስስ ዶይል የአንቺን ነገር ለመንገር ፈርቼ ቆይቼ ነበር። ባለፈው ረቡዕ ግንባራቸው ላይ ጥቁር ነገር አየሁና ጥላሸት መስሎኝ መጥረጊያ ወረቀት ሰጠኋቸው። ለካ የእነሱም ጾም የገባው ያን ቀን ኖሮ፣ በዐመድ መስቀል ተቀብተው ነው። ሁለታችንም ሳቅን። ያ ሳቅ ድፍረት ሰጠኝና ነገርኳቸው። ፖሊስ መጥቶ ልጅቷ ሆን ብላ ነው ወይ ቢልዎ ምን ይሉ ነበር አልኳቸው።

ዕድሜዋን ጠየቁኝ። አሥራ ሰባት አልኳቸው። እናት አላት ወይ አሉኝ። አዝላ ያመጣቻት እናቷ ናት አልኳቸው። በመስኮቱ ወደ ማዶ እያዩ፣ «ሕጉ ይኑር እላለሁ፤ አሁንም እላለሁ። እኔ ግን ልጅቷን አሳልፌ አልሰጥም» አሉ። እኔም የማላርፈው ሰውዬ፣ ሁለቱ እንዴት አብሮ ይሄዳል አልኳቸው። «አላውቅም» አሉኝ፣ ተቆጥተውም ወጡ። ዳግመኛ አይመጡም ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ገቡና ጓንታቸውን ሳያወልቁ ልጅቷ እንዴት ናት አሉኝ።

እትዬ፣ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው። ስለ ሕጉ ስጠይቅ የሚስማሙ ሁለት ሰዎች አላገኘሁም። መሰረትን አሳልፋ ትስጣት ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም፤ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ይዘው የሚቆሙት ሴትዮ እንኳ አላሉም። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ሐሰት አትማይ። ደም አየሁ፣ ደም አቆምኩ፣ ሥራዬ ይኸው ነው በይ። ከዚያ ወዲያ ቢያፋጥጡሽ ዝም በይ። ጋሽ ተክሉ ይህን ሲሰሙ ይቆጡኛል። ያ ልጅ ከሩቅ ሆኖ ሚስቴን ያስደፍራታል ቢሉ እውነት አላቸው፤ የምትቆሚው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም። ፈርቼልሻለሁ። አንድ ነገር ብትሆኚ እዚህ ማሞቂያ አጠገብ ቁጭ ብዬ እንዲህ ብዬ መክሬአት ነበር እያልኩ እንዴት እንደምኖር አላውቅም። ከሥራ ቢያስወጡሽ ግን እኔ እያለሁ ቤትሽ አይዘጋም፤ ለዚህ ለዚህ ነው የወጣሁት። ይህን ለጋሽ ተክሉ ራስሽ ንገሪልኝ፣ እንደ ድፍረት አይዩብኝ።

ለእማዬ ጉልበቷን እንደሳምኩ ንገሪልኝ። የዓይን ጠብታዋን በወይዘሮ ጸሐይወርቅ እጅ ልኬአለሁ፤ ጠዋትና ማታ ነው፣ አንድ አንድ ብቻ። ለጋሽ ተክሉ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ቤዚን ሳሚልኝ፣ ፈተናዋን እንዳትዘናጋ። ለኢዮብ የላክሁት ሹራብ ቢሰፋው እስኪያድግበት ይልበሰው። እነ ወይዘሮ ዓለምሸት ግቢ ያላችሁትን ሁሉ በያላችሁበት እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።

የመጨረሻው ሰላምታ ለመሰረት ነው። ይኸውልሽ ሚስስ ዶይል ጠዋት ይጠይቁኛል፣ ካረን ከሰዓት በኋላ ትጠይቀኛለች፣ ልጅቷ እንዴት ናት ይሉኛል፣ እኔም የምመልሰው አጣሁ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ፖሊሱ አለ፣ ስለ ዳኛው አለ፣ ስለ ጋሽ ተክሉ አለ፣ ስለ እሷ ግን ደሟ ቆመ ከማለት በቀር ምንም የለበትም። ትምህርቷን ጀመረች? ትበላለች? ከቤት ትወጣለች? እኔስ ብሆን ብርዱን ሙሉ ቄስ ስጠይቅ፣ ተማሪ ስጠይቅ፣ አሮጊት ስጠይቅ ከረምኩ እንጂ እሷ ራሷ ምን እንደምትል አንድ ቀን አልመጣልኝም። እስቲ አንቺ ቤቷ ሄደሽ አጠገቧ ተቀመጪና ጠይቂልኝ።

ወንድምሽ ገረመው

ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል
እሑድ የካቲት 10 ቀን 1983 ዓ.ም.