ከኋላ የሚታሰር ክራቫት

ውድ አባቴ፣

አክስቴ ፊሎሜና ይህን ደብዳቤ ስትሰጥዎት መነጽርዎን መፈለግ እንደሚጀምሩ አውቃለሁ። ግንባርዎ ላይ ነው።

ቤትዎን ጥለው ወደ ፖትሱዎሊ፣ እህትዎ ዘንድ ከሄዱ ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ሠርጌ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ስልክ በደወልኩ ቁጥር «ተኝቷል በያት» ሲሉ እሰማለሁ፤ ድምፅዎ ከበረንዳው ድረስ ይሰማል። ስለዚህ መጻፍ መረጥኩ። ደብዳቤን ተኝቻለሁ ብሎ መመለስ አይቻልም።

ያጠፋሁትን ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልናገር። ክራቫትዎን ከፊትዎ ሆኜ አሰርኩልዎት። ሌላ ሰው ይህን ቢያነብ «በዚህ ነው እንዴ ቤት ጥሎ የወጣው?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። እርስዎና እኔ ግን ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

ኪያያ መንገድ ላይ የነበረችው ሱቃችን ስፋቷ ከአንድ አውቶቡስ አይበልጥም ነበር። ሱፍ አንሸጥም፣ ሸሚዝ አንሸጥም፣ ጫማ አንሸጥም። ቀበቶ፣ ክራቫት፣ የኪስ መሐረብ፣ ጓንት፣ የእጅጌ ማያያዣ፤ በቃ። «ሱፍ የለበሰ ሰው ገና ግማሹን ነው የለበሰው» ይሉ ነበር። «ይኼን ግማሽ ልብስ ሰፊው ይሰጠዋል። ያኛውን ራሱ ነው የሚመርጠው፤ ሰውየውም የሚታወቀው በዚያ ነው።» ደንበኛ በሩን ገፍቶ ሲገባ መጀመሪያ ጫማውን ያያሉ፣ ከጫማው ቀበቶውን፣ ከቀበቶው ሰዓቱን። ፊቱን የሚያዩት መጨረሻ ላይ ነው። ጠበቃው ሪናልዲ የመጡበትን ቀን ያስታውሳሉ?

«ዶን ኤራስሞ፣ የልጄ ምረቃ ነው። ከላይ እስከ ታች ያሟሉልኝ» አሉ።

«ዛሬ ቀበቶውን ይውሰዱ። እሱ ሲለምድዎት ለክራቫቱ ይመለሳሉ።»

«ምረቃው እኮ ነገ ነው!»

«እንግዲያው ቀበቶ ብቻ አድርገው ይሂዱ።»

ሰውየው ተናደው ወጡ፣ በሳምንቱ ተመለሱ፣ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእኛ ሌላ ሱቅ አልረገጡም። እናቴ ነፍሷን ይማረውና «ገበያ ማባረር የሚችልበት ነጋዴ አገባሁ» ትል ነበር።

ክራቫት ሲሆን ግን ቀልድ የለም። ደንበኛውን መስታወቱ ፊት ያቆሙና ከኋላው ይቆማሉ። እጆችዎን በትከሻው ላይ አሻግረው ያስሩለታል። መስታወቱ ውስጥ የሚታየው የሰውየው ፊት ብቻ ነው፤ እጆቹም የራሱ ይመስላሉ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ባንኮኒው ላይ ተቀምጬ ለምን እንደ ሌላው ሰው ከፊት ሆነው እንደማያስሩ ጠየቅኩዎት።

«ከፊት የሚታሰርለት ሁለት ሰው ነው» አሉኝ። «ሕፃን ልጅና ሬሳ። ሌላው ወንድ ሁሉ በገዛ እጁ እንዳሰረው ሆኖ ከዚህ ይውጣ።»

ሁለተኛውን በዓይኔ ያየሁት አያቴ ያረፉ ጊዜ ነው። ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብለው የአባትዎን ክራቫት ከፊት አሰሩ፤ ቋጠሮው ሥር ያለችውን ያችን ትንሽ ስርጉድ በአውራ ጣትዎ አበጁ። ሲያለቅሱ ያየሁዎት ያኔ ብቻ ነው። እናቴ ስትሞት እንኳን ዕንባዎን ለኔ አላሳዩኝም። ስለዚህ አላውቅም ነበር አልልዎትም። አውቅ ነበር።

በጥቅምት ስትሮኩ ቀኝ ጎንዎን ሲወስደው አንድም ቀን አላማረሩም። በግራ እጅዎ ሾርባ ጠጡ፣ በግራ እጅዎ ፈረሙ፣ ሱቋን ስንዘጋ ቁልፉን በግራ እጅዎ አዞሩት። ክራቫት ማሰር ግን ተዉ። ዳቦ ሊገዙ እንኳ ያለ ክራቫት ወጥተው የማያውቁት ሰውዬ ሸሚዝዎን እስከ ኮሌታው ቆልፈው ቤት መዋል ጀመሩ። የሰፈሩ ሰው ሲጠይቀኝ «ብርድ ነው» እላለሁ። ለእርስዎም እንዳላየሁ ሆንኩ። ያን ጊዜ አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ፤ ግን ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅኩም።

ከዚያ ሳቢኖ ላግባሽ አለኝ። በአርባ አንድ ዓመቴ፣ የሰፈሩ ሴቶች ለነፍሴ ሻማ ማብራት በጀመሩበት ጊዜ። የመርከብ ሞተር የሚጠግን ሰው ነው ስልዎት ከላይ እስከ ታች አይተውት «ጥፍሩ ሥር ያለው ግሪስ ሐቀኛ ነው። ካልሲው ግን ያሳፍራል» አሉ። ያ ከእርስዎ አፍ ምርቃት እንደሆነ ገባኝ።

እጄን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ገብተው ወደ መንበሩ የሚያደርሱኝ እርስዎ ስለሆኑ የሚለብሱትን እኔ ልምረጥ ብዬ ተነሣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሌላ ወንድ ሲመርጡ ያየሁ ሴት ምን ያቅተኛል አልኩ። አባቴ፣ ከተማውን እግሬ እስኪቃጠል ዞርኩት። የእጅ ሰዓት አሰብኩና ማሰሪያውን በአንድ እጅ መቆለፍ እንደማይቻል ትዝ አለኝ። በላስቲክ የሚለጠጠው የብረት ማሰሪያ አለ፤ እሱን ግን ይዤ ብገባ በመስኮት እንደሚወረውሩት አውቃለሁ። የአያቴን የኪስ ሰዓት አስጠገንኩና ሰደርያዎ ላይ በግራ በኩል አስቀመጥኩት። የእጅጌ ማያያዣውን አስቀድሜ ሰክቼ እጅዎ እንዲሾልክ ሸሚዙን ሰፋ አድርጌ አሰፋሁ። ሐኪሙ ያዘዘልዎትንና አልነካም ያሉትን ምርኩዝ ትቼ ጠንካራ እጀታ ያለው ጥቁር ጃንጥላ ገዛሁ። ጃንጥላ ይዞ የሚሄድን ሰው ማንም አንካሳ አይለውም።

ጓንቱን የመረጥኩት ግን በልቤ ነው። በግንቦት ጓንት የሚያጠልቅ የለም፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጨዋ ሰው ጓንቱን በእጁ ይዞ ይሄዳል ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግኩት። ያች አልዘረጋ ያለችው ቀኝ እጅዎ ጥንድ ጓንት ብትይዝ፣ ወድዳ የጨበጠች ትመስላለች።

በሄዱበት እሑድ ሁሉንም አልጋው ላይ ደርድሬ ሳሳይዎት አንድ በአንድ አዩ። ሰዓቱን አለፉት። ጃንጥላውን አንሥተው «ሰማዩ ጠርቶ ጃንጥላ የያዘ ሰው ወይ እንግሊዝ ነው ወይ ሚስቱን የማያምን» አሉ፤ አልጣሉትም ግን። ጓንቱን በግራ እጅዎ አነሡ። ቀኝ እጅዎ ውስጥ አስገቡት። መስታወቱን አዩ።

«ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«ኪያያ ላይ አንድ ነዝናዛ ሽማግሌ ነበሩ።»

ሳቁ። ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

እኔ ግን ደስታ አቅሌን አሳተኝና አልጋው ላይ የቀረውን ሰማያዊ የሐር ክራቫት አንሥቼ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ፊትዎ ተንበርክኬ አሰርኩት። ቋጠሮው አማረ። ስርጉዷን እንኳ በአውራ ጣቴ አበጀሁ። ቀና ስል ፊትዎ ተለውጧል።

«እንግዲህ ገነዝሽኝ» አሉ።

በግራ እጅዎ ሊፈቱት ሲስቡት ጠበቀ። እንደገና ሲስቡት የባሰ ጠበቀ። እኔ እጄን ስዘረጋ «አትንኪኝ» አሉ። ለምሳ የመጣችው አክስቴ ሮጣ ገብታ በኩሽና መቀስ ቆረጠችው። በእኛ ቤት ሐር በመቀስ ተቆረጠ። ማታ ጠረጴዛው ሥር የወደቀውን ቁራጭ ሳነሣ እርስዎ ከአክስቴ ጋር ባቡር ላይ ነበሩ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎት። ከፊት ያሰርኩት ረስቼ አይደለም፣ ቸኩዬም አይደለም። ከኋላዎ ብቆም መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን እንጋጠማለን። ያች ቀኝ እጅዎ ጭንዎ ላይ ተኝታ፣ የእኔ እጆች ሥራዋን ሲሠሩ ፊትዎን አያለሁ፣ እርስዎም የእኔን ያያሉ። ያን ፈራሁ። ከፊት ሆኜ ቋጠሮውን ብቻ አየሁ። የእርስዎን ክብር አሳልፌ ሰጥቼ የራሴን ዕንባ ደበቅኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ትናንት አክስቴ ደውላ ነበር።

«እዚህ በረንዳ ላይ ተጎልቶ የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ ቀበቶ ይሰድባል። ሰፈሩን አጣላኝ» አለች።

«ስለ ሠርጉስ?»

«አልፎንሶ ያስገባት ይላል።»

«አጎቴ አልፎንሶ? በላስቲክ የሚጠለቅ ክራቫት የሚያደርገው?»

«እኔም ያንኑ ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲህ ራት አልበላም።»

እንግዲህ በአጎቴ አልፎንሶ ላስቲክ ታስፈራራኛለች ብለው ከጠረጠሩ፣ አልተሳሳቱም። ግን ስድስት ቀን ሌላ ነገር ስሠራም ነበር። ማታ ማታ ሳቢኖን መስታወት ፊት አስቀምጬ፣ ቀኝ እጁን በሻርፕ ከወገቡ ጋር አስሬ፣ ከኋላው እቆማለሁ። እኔ ቀኝ እጄን ብቻ በትከሻው ላይ አሻግራለሁ። ግራው የእሱ ነው። ቀጭኑን ጫፍ በግራ እጁ ይይዛል፣ ሰፊውን እኔ አዞራለሁ፣ እሱ ይጠብቃል፣ እኔ አሾልካለሁ፣ እሱ ወደ ታች ይስባል። መጀመሪያ ቀን አነቅኩት።

«ኦርኔላ፣ የፈለግሽው ባል ነው ወይስ ውርስ?» አለኝ፣ ፊቱ ቀልቶ።

ሁለተኛውም ቀን ቋጠሮው እንደ ድንች ሆነ። በአራተኛው ቀን ግን ገባኝ። ሁለቱንም እጄን ብጠቀም ይቀላል፣ ያ ግን የእኔ ቋጠሮ ይሆናል። በአንድ እጅ ስሠራ፣ ግራ እጁ ቀጭኑን ጫፍ አጥብቃ ካልያዘች የእኔ ቀኝ ከንቱ ነው። ትናንት ማታ አማረልን። ሳቢኖ መስታወቱን አየና «እኔ ያሰርኩት ይመስላል እኮ» አለ። ክራቫት አስሮ የማያውቅ ሰው ነው፣ ያን ሲል ጀርባው ቀና አለ። እርስዎ ለአርባ ዓመት ከሰው ጀርባ ቆመው ያዩት ይህንን እንደሆነ ያኔ ተረዳሁ።

የዘጋናት ሱቅ ሄጄ የመጨረሻውን መሳቢያ ከፈትኩ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት አንድ ክራቫት ቀርቷል። ቅዳሜ የሙሽራ ልብሴን ከመልበሴ በፊት በመጀመሪያው ባቡር እመጣለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ የአክስቴን በር አንኳኳለሁ። ክራቫቱን ሳላስረው፣ እንደ ተጠቀለለ ነው የማመጣው። በሩ ካልተከፈተ እጀታው ላይ አንጠልጥዬው እመለሳለሁ፤ ከአጎቴ ጋርም ከማንም ጋርም አልገባም። የእርስዎን ቦታ በቀኜ ባዶ ይዤው ብቻዬን እገባለሁ።

ከከፈቱልኝ ግን መስታወቱ ፊት ይቁሙ። እኔ ከኋላዎ ነኝ። ግራው የእርስዎ፣ ቀኙ የእኔ። ስርጉዷን በገዛ አውራ ጣትዎ ያበጇታል፤ እሷን አልነካም። ካለቀስኩ አይደበቅም፤ እርስዎም ካለቀሱ እኔ ዓይኔን አልሰብርም።

የምትወድዎትና የምትጠብቅዎት ልጅዎ
ኦርኔላ

ሳልነግርዎት፦ ሳቢኖ ለሠርጉ ጥቁር ጫማ ገዝቷል፣ ቀበቶው ግን ቡናማ ነው። «ምን ችግር አለው?» ይለኛል። እኔ አልነገርኩትም። ያንን የሚነግረው አማቱ ነው ብዬ እርስዎን እየጠበቅኩ ነው።